ስለ ስማርት ኮንትራክት አተካከልና የጋዝ ወጪን ስለ መቀነስ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር ሊያስረዱ ብዕር ሲያነሡ ያየ አንባቢ «እነዚህ ደግሞ ምን አግብቷቸው?» ሳይል እንደማይቀር እናውቃለን። ወቀሳውን አስቀድመን እንቀበላለን። ነገር ግን ወደዚህ ጥናት የገባነው በጉጉት ሳይሆን በችግር ተገፍተን ነው። ከመካከላችን አንዱ የኢታንግ ልጅ ነው። አንድ ክረምት ባሮ ሞልቶ ከዳርቻው በወጣ ጊዜ ውሃው እቤታቸው ገባና የትምህርት ማስረጃውን ከነፖስታው አበሰበሰው። ምትክ ለማግኘት ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ ወራት አለፉ። ከዚህ በኋላ ነው አራት ጓደኛሞች ሆነን «የተመራቂዎች ማስረጃ እሳትም ውሃም በማይደርስበት መዝገብ ላይ ቢሰፍር ምን ያህል ያስወጣል?» ብለን የተነሣነው።

ሐሳቡ የኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የትምህርት ሚኒስቴር ኢንፑት አውትፑት ከሚባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት ካርዳኖ በተባለው ብሎክቼይን አማካይነት ለማረጋገጥ መታቀዱ በይፋ ተገልጦ ነበር። እኛ ግን ለትምህርቱ የመረጥነው ኢቴሪየምን ነው፤ ምክንያቱም የክፍያው ሥርዐት በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ እርሳስና ወረቀት ይዞ ማስላት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

መጀመሪያ ቃላቱን እናብራራ። ስማርት ኮንትራክት በስሙ ውል ይባል እንጂ ምስክር ተቆጥሮ የሚፈራረሙት ዓይነት ውል አይደለም። በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድነት በሚጠበቅ መዝገብ ውስጥ የሚቀመጥ አጭር ፕሮግራም ነው። መዝገቡ ብሎክቼይን ይባላል፤ እኛ ከዚህ በኋላ ባጭሩ ሰንሰለት እንለዋለን። ፕሮግራሙን በሰንሰለቱ ላይ ማስቀመጡን ደግሞ «መትከል» እንላለን። አንድ ጊዜ የተተከለ ውል እንደ ዋርካ ነው፤ ቦታ አይለውጥም፤ ተሳስተን የጻፍነውንም ላጲስ አያጠፋውም።

ጋዝ ሲባል አንባቢ የፋኖሱ ላምባ ትዝ ቢለው አልተሳሳተም። ፋኖስ በበራ መጠን ላምባ እንደሚጨርስ ሁሉ፣ በሰንሰለቱ ላይ ያለ ፕሮግራምም በሠራ መጠን ጋዝ ይጨርሳል። ለእያንዳንዱ ትንሽ ድርጊት ስንት ጋዝ እንደሚከፈል ጋቪን ዉድ በ2014 ባወጣው «ቢጫ ወረቀት» በሚባለው ሰነድ ተዘርዝሯል፤ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ተሻሽሏል። ሁለት ቁጥሮችን መደመር 3 ጋዝ ብቻ ነው። በውሉ ማኅደር ውስጥ ባዶ በነበረ ቦታ ላይ አዲስ ነገር ማስፈር ግን 22,100 ጋዝ ይፈጃል። ስለምን ይህን ያህል ተራራቀ ቢሉ፣ መደመሩ ወዲያው አልቆ ይረሳል፤ የሰፈረው ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለ ዕድሜ ገደብ ይቀመጣልና ነው።

ከጋዙ ብዛት ሌላ የአንዱ ጋዝ ዋጋ አለ። እርሱም ግዌይ በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ 1 ግዌይ የ1 ኢተር ቢሊዮንኛ ነው። ብዛቱን የሚወስነው ሥራው ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ገበያው ነው። ወጪ ማለት ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ነው።

ይህን ለማስረዳት የጋምቤላ ሰው ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ የለበትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ ተፈቀደ። ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣቢያው በ1904 በጋምቤላ ተቋቋመ፤ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በነዚያ ዓመታት ቡናው ከጎሬና ከዙሪያው ደጋ በበቅሎና በሸክም ወርዶ በጋምቤላ መጋዘን ይከማች ነበር። የካርቱም መርከብ እስከዚያ ሊደርስ የሚችለው ባሮ በሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ሦስት ነገር ማሰብ ነበረበት፤ ጭነቱ ምን ያህል ይከብዳል? ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ወንዙስ መቼ ይመቻል? ቡናውን ከነጀንፈሉ የሚጭን ሰው ለገለባው ሁሉ ኪራይ ይከፍላል። እኛም ጥናታችንን በእነዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች መራነው። ከሦስቱ ትልቁ ሁለተኛው ሆኖ አገኘነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚደክመው በፊተኛው ነው።

ከክብደቱ እንጀምር። አንድ ውል ሲተከል ምንም ቢያንስ የማይቀር ክፍያ አለ፤ ለማንኛውም መልእክት 21,000፣ ውል ለመፍጠር ደግሞ 32,000፣ በድምሩ 53,000 ጋዝ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ክብደት ነው። በሰንሰለቱ ላይ ለሚቀመጠው ለእያንዳንዱ ባይት 200 ጋዝ ይከፈላል። የሚላከውም መልእክት ራሱ ዜሮ ላልሆነ ባይት 16፣ ዜሮ ለሆነ 4 ያስከፍላል። 6,000 ባይት የሚመዝን ውል ብንወስድ ለማስቀመጫው ብቻ 1,200,000 ጋዝ ይሄዳል፤ ከሌላው ጋር ሲደመር 1,350,000 ግድም ይሆናል። ከ24,576 ባይት የሚበልጥ ውል ከ2016 ጀምሮ ጨርሶ አይተከልም።

ገለባውን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ኮምፓይለሩ ራሱ ነው። በሶሊዲቲ ቋንቋ የተጻፈውን ውል ወደ ባይት የሚለውጠው ይህ ፕሮግራም «ኦፕቲማይዘር» የሚባል አሳጣሪ አለው፤ ሲበራም «ረንስ» የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። ብዙ ጀማሪዎች፣ እኛም ጭምር፣ ቁጥሩ አሳጣሪው ስንት ጊዜ እንደሚሠራ የሚናገር ይመስለን ነበር። አይደለም። ውሉ በዕድሜው ስንት ጊዜ ይጠራል ብለን እንደምንገምት የሚናገር ነው። 200 ካልነው መካከለኛውን መንገድ ይይዛል። 1 ካልነው «ይህ ውል ብዙም አይጠራም» ማለታችን ነውና መትከያውን ለማርከስ አሳጥሮ ይጽፋል፤ በሺህ የሚቆጠር ከሰጠነው ግን ለሚጠሩት ሰዎች እንዲረክስ ብሎ ያስረዝመዋል። የምስክር መዝገብ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚጻፍበት ስለሆነ ትንሹ ቁጥር ይስማማዋል።

ቀጥሎ ከቋንቋ ተማሪዎች በቀር ማንም ልብ የማይለው ነገር ገጠመን። በውሉ ውስጥ ስሕተት ሲፈጠር የሚወጣውን ማስታወቂያ በአማርኛ «ይህ ተማሪ አልተመዘገበም» ብለን ጽፈን ነበር። የላቲን ፊደል በኮምፒዩተር 1 ባይት ሲይዝ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ከላይ ያለው ዐረፍተ ነገር 13 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ አለው፤ ይህም 41 ባይት ነው። 41 ባይት በ200 ሲባዛ 8,200 ጋዝ፤ ያውም ሲቀመጥ በ32 ባይት ጥቅል ተሞልቶ ስለሆነ ከዚህ ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ሃያ ማስታወቂያዎች ቢኖሩ ከ164,000 ጋዝ በላይ ለቃል ብቻ ይከፈላል። በአገራችን ቋንቋ በመጻፋችን ሦስት እጥፍ መቀጣታችን መጀመሪያ አናደደን፤ ከመካከላችን አንዱማ በዚህ ላይ ብቻ ጽሑፍ ካላወጣን ብሎ ነበር።

ነገር ግን ቆይተን ስናስበው፣ መርከብ ላይ መጫን የማይገባውን መጫናችን ነው እንጂ ፊደሉ ጥፋት የለበትም። ከሶሊዲቲ 0.8.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 ወዲህ፣ ማስታወቂያውን በቃል ከመጻፍ ይልቅ ለስሕተቱ ስም መስጠት ይቻላል። ስሙ የቱንም ያህል ቢረዝም በሰንሰለቱ ላይ የ4 ባይት ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ምልክቱን ወደ ሰው ቋንቋ የሚመልሰው ተጠቃሚው ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ እርሱም በአማርኛ፣ በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በፈለገው ቋንቋ ቢናገር አንድ ጋዝ አይጨምርም። በመጀመሪያው አጻጻፋችን አማርኛ ብቻ ነበረ፤ በሁለተኛው ሦስቱም ቋንቋዎች ያለ ክፍያ ገቡ። በፕሮግራሙ መካከል ለራሳችን የምንጽፋቸው ማብራሪያዎችም ኮምፓይለሩ ስለሚጥላቸው ከነአካቴው ዋጋ የላቸውምና በአማርኛ እንደ ልብ ይጻፉ።

ሌላው ክብደት ከማይለወጡ ነገሮች የሚመጣ ነው። የባለሥልጣኑን አድራሻ በማኅደር ማስፈር 22,100 ጋዝ ይፈጃል ብለናል። «ኢሚዩተብል» ተብሎ ቢታወጅ ግን አድራሻው በማኅደር ሳይሆን በፕሮግራሙ ጽሕፈት ውስጥ ይገባል፤ በገባበት በእያንዳንዱ ስፍራ 32 ባይት ይይዛል፤ ይህም 6,400 ጋዝ ነው። በሁለት ስፍራ ቢያስፈልግም ትርፍ አለው፤ በአራት ስፍራ ካስፈለገ ግን መትከያው ላይ ትርፉ ያልቃል። ከጽሕፈቱ መጨረሻ ኮምፓይለሩ የሚለጥፈው 53 ባይት ማኅተምም አለ። ቢነሣ 10,600 ጋዝ ይተርፋል፤ እኛ ግን አልነሣነውም። ሰው ምንጩን ከተተከለው ጋር አስተያይቶ በትክክል እንዲያረጋግጥ የሚረዳው ይኸው ማኅተም ነውና፣ ስለ እምነት ብሎ በሚቆም መዝገብ ላይ እዚህ መቆጠብ ሽርፍራፊ መልቀም ሆኖ ታየን።

ከሌሎች ሰዎች የተዘጋጁ ክፍሎችን፣ ለምሳሌ ከኦፕንዜፔሊን፣ መውሰድ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በውርስ የመጣ ለውጪ የተከፈተ ተግባር ብንጠቀምበትም ባንጠቀምበትም ይተከላል። እኛ ከወሰድናቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ አላስፈለጉንም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ይኸውም ወደ ምልልሱ። አንድ ውል በእጅ መትከል ይቻላል። 800 ተመራቂ ሲኖር ግን ትእዛዙን የሚሰጥ ስክሪፕት ይጻፋል፤ ስክሪፕቱም ከዝርዝሩ ላይ ስም እያነበበ በዙር ይተክላል። አደጋውም ያለው በዚሁ ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወጪውን አይቶ ይደነግጣል፤ ስክሪፕት ግን አይደነግጥም።

የኛ የመጀመሪያ ስክሪፕት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ውል የሚተክል ነበር። ሐሳቡ ያምራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰነድ አለው። 1,000 ባይት የሚመዝን ትንሽ ውል ከነማኅደሩ 290,000 ጋዝ ግድም ይፈጃል። በ800 ሲባዛ 232 ሚሊዮን ነው። ለመገመት ያህል የጋዝ ዋጋ 2 ግዌይ፣ 1 ኢተርም 3,000 ዶላር ነው እንበል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ለስሌት የያዝናቸው እንጂ የዛሬ ገበያ አይደሉም። ወጪው 0.464 ኢተር ወይም 1,392 ዶላር ይመጣል። ይህን ያየ የትኛውም ሬጅስትራር ፋይሉን ዘግቶ ይመልሰናል።

ሁለተኛው መንገድ ወኪል መትከል ነው። ሙሉውን ውል አንድ ጊዜ ብቻ ተክለን፣ ለየተማሪው ግን «ሥራውን እዚያኛው ይሥራልህ» የምትል 45 ባይት የምትመዝን ትንሽ ወኪል እንተክላለን። ይህ በ2018 የማሻሻያ ሐሳብ ቁጥር 1167 ተብሎ የቀረበ ዘዴ ነው። 45 ባይት በ200 ሲባዛ 9,000 ጋዝ ብቻ ነው። የፍጥረቱ 32,000ና የማኅደሩ 22,100 ግን አይቀሩም፤ ከጥቃቅኑ ጋር ለአንዱ 70,000 ግድም፣ ለ800ው 56 ሚሊዮን፣ ማለትም 336 ዶላር ይሆናል። ከአራት አንድ ያህል ሆነ ማለት ነው። ዕዳም አለው፤ ወኪሉ በተጠራ ቁጥር ወደ ዋናው ውል ስለሚሄድ ለመንገዱ ተጨማሪ ጋዝ ይከፈላል። እንደ እቁብ ያሉ፣ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ገንዘብና የራሱን ደንብ መያዝ ለሚያስፈልገው ሥራ ይህ ዘዴ ተገቢ ነው። ለምስክር ወረቀት ግን ገና ብዙ ነው።

ሦስተኛው፣ «ለመሆኑ 800 ውል ለምን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ወደዚህ ጥያቄ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል፤ ሦስቱንም ሳምንት ውሉን ከ1,000 ባይት ወደ 900 ለማውረድ ስንታገል ነበር። አንድ መዝገብ ተክሎ በውስጡ የ800ውን ሰነድ አሻራ ማስፈር ይበቃል። አሻራ የምንለው ከሰነዱ በስሌት የሚወጣ 32 ባይት ቁጥር ነው። በሰነዱ አንድ ፊደል ቢለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ከአሻራውም ተነሥቶ ሰነዱን ማውጣት አይቻልም። ለአንዱ 23,000 ጋዝ ግድም ይበቃል። መቶ መቶ አሻራ በአንድ መልእክት ቢላክ 21,000 ጋዙ ስምንት ጊዜ ብቻ ይከፈላል። ድምሩ ከ19 ሚሊዮን ብዙ አይርቅም፤ 114 ዶላር።

አራተኛው መንገድ የመርክል ዛፍ ነው፤ በ1979 ራልፍ መርክል ያቀረበው ዘዴ ነው። የ800ው አሻራዎች በሰንሰለቱ ላይ ሳይሆን በኛ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አዲስ አሻራ ይወጣል። 400ው እንደገና ይጣመራሉ፤ 200 ይሆናሉ፤ እንዲህ እያለ በአሥር እርከን ውስጥ አንድ አሻራ ብቻ ይቀራል። እርሱ ሥር ይባላል፤ በሰንሰለቱ ላይ የሚሰፍረውም እርሱ ብቻ ነው። አንድ ተመራቂ ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት የራሱን ሰነድና ወደ ሥሩ የሚያደርሱትን አሥር አሻራዎች ያቀርባል፤ አሥሩ ተደምረው 320 ባይት ናቸው። ውሉን መትከያው 400,000 ግድም፣ ሥሩን ማስፈሪያው ከ50,000 በታች ነው። በያዝነው ዋጋ 2 ዶላር ከ70 ሳንቲም መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ውሉ ተተክሎ ስለሚገኝ አዲሱን ሥር ለማስፈር 30 ሳንቲም ይበቃል። ተመራቂው 800 ቢሆን 8,000 ክፍያው አይለወጥም፤ ዛፉ ጥቂት እርከን ይጨምራል እንጂ።

በካርዳኖም ቢሆን ሚዛኑ አንድ ነው፤ ለተራ መልእክት ከ0.155381 አዳ ተነሥቶ በየባይቱ 0.000044 አዳ ይጨምራልና እዚያም ትልቅ ጭነት የሚልክ ሰው ይከፍላል።

ስለ ስክሪፕቱ ጥቂት እንጨምር፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚፈስሰው በዘዴ ምርጫ ብቻ ሳይሆን በቸልታም ነው። አንድ ማታ ከ800ው 300 ያህሉን በሙከራ ሰንሰለት ላይ እንደ ተከልን መብራት ጠፋ። ሲመለስ ስክሪፕቱን ቀሰቀስነው፤ እርሱም ምንም እንዳልሆነ ከአንድ ጀመረ። ሦስት መቶውን ደግመን ተከልን። ገንዘቡ የሙከራ ስለነበረ ሳቅን እንጂ፣ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ልብ አይኖረንም ነበር። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት አገር የሚጻፍ ስክሪፕት መቋረጡን እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ መጻፍ አለበት። እያንዳንዱ ተከላ እንደ ተፈጸመ አድራሻውን በፋይል ይመዝግብ። ከዚህም የሚሻለው «ክሪኤት ቱ» በሚባለው ትእዛዝ መትከል ነው። በዚህ ትእዛዝ የውሉ አድራሻ ከተካዩ፣ ከመረጥነው ቁጥርና ከውሉ ጽሕፈት ብቻ ስለሚወጣ ገና ሳይተከል ይታወቃል። ስክሪፕቱ መጀመሪያ አድራሻውን «ሰው አለ?» ብሎ ያንኳኳል፤ ማንበብ ደግሞ ክፍያ የለውም። ካለ ያልፋል፤ ከሌለ ይተክላል።

ከመላክ በፊት ጋዙን ማስገመትም ግድ ነው። የጋዝ ገደብ አብዝቶ ማስቀመጥ አያስከፍልም፤ ያልተሠራበት ይመለሳል። አሳንሶ ማስቀመጥ ግን ያስከፍላል፤ ተከላው መንገድ ላይ ጋዝ ካለቀበት የወጣው ሁሉ ጠፍቶ ውሉም አይተከልም። ልምምዱ ሁሉ በራስ ኮምፒዩተር ላይ ይሁን። ሀርድሃት ወይም ፋውንድሪ በሚባሉት መሣሪያዎች አንድ ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ሰንሰለት ማስመሰል ይቻላል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የሚያሳየው የጋዝ ብዛትም ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው። ከላይ የሰጠናቸውን ግምቶች ያስተያየነው በዚህ ነው።

ስለ ወንዙ ወቅት አጭር ነገር እንበል። ከነሐሴ 2021 ወዲህ የጋዝ መነሻ ዋጋ በሰንሰለቱ በራሱ ይወሰናል፤ አንድ ብሎክ ሙሉ ከሆነ ለሚቀጥለው እስከ 12.5 በመቶ ይጨምራል፤ ባዶ ከሆነ ያን ያህል ይቀንሳል። ብሎክ በየ12 ሴኮንዱ ስለሚመጣ ስድስት ሙሉ ብሎክ ቢከታተል በ72 ሴኮንድ ውስጥ ዋጋው እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚል ጣሪያ ይሰጠው። ዋጋው ከጣሪያው በላይ ከሆነ መልእክቱ አይጠፋም፤ እንደ ጋምቤላው ቡና መጋዘን ሆኖ ይጠብቃል። ተራ የያዘ መልእክት ግን ከኋላው ያሉትን ሁሉ እንደሚያግድ አይረሳ። ከመጋቢት 2024 ማሻሻያ በኋላ በኢቴሪየም ላይ የተደረቡት ሁለተኛ ደረጃ ሰንሰለቶች ክፍያ እጅግ ወርዷል። ይህ ሁሉ ግን ከአንድ ሥራ ጋር መታየት አለበት፤ ምርጥ ወቅት ጠብቆ 800 ውል ከመትከል በመጥፎ ወቅትም ቢሆን አንድ ሥር ማስፈር ይረክሳል።

ሕጉንም መጥቀስ ይገባናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 እንዲህ ባለ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። እኛ የሠራነው ሁሉ በሙከራ ሰንሰለት ላይ ነው፤ የጓደኞቻችንም ልምምድ ከዚያ እንዳይወጣ እንመክራለን። እውነተኛውን መትከል ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ይወስንበት።

ርካሽ መሆኑ ብቻ ግን አላሳረፈንም። ስሌቱን ለኢታንጉ ጓደኛችን ባሳየነው ጊዜ «ታዲያ የኔን ወረቀት ይመልስልኛል?» ሲል ጠየቀን። አይመልስም። አሻራ ሰነዱን አያስቀምጥም፤ የሰነዱን እውነተኛነት ይመሰክራል እንጂ። ወረቀቱ ከበሰበሰና ሌላ ቅጂ ከሌለ በሰንሰለቱ ላይ ያለው ሥር የጠፋ ሰው ስም እንደ ተጻፈበት ድንጋይ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። አጎቱ ስልክ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ቅጂ ብትገኝ፣ ያለ ማኅተምና ያለ ፊርማ፣ ከአሥሩ አሻራዎች ጋር ቀርባ እውነተኛ መሆንዋ በደቂቃ ይረጋገጣል። ምልልሱ የሚቀረው በዚህ ነው። ስለዚህ ከተቆጠበው ገንዘብ ጥቂቱ ቅጂ ለማብዛት መዋል አለበት። ሰነዱ ላይም ከመታተሙ በፊት ተማሪው ብቻ የሚያውቀው ረጅም የምሥጢር ቁጥር ይጨመር። ያለዚያ ስምና ነጥብ እየገመተ አሻራ የሚያወጣ ሰው የሌላውን ውጤት ሊያጣራበት ይችላል።

የአሻራዎቹ ዝርዝርም ከጠፋ ዛፉ እንደገና አይሠራም፤ ዛፉ ካልተሠራም ሥሩ ብቻውን ማንንም አይረዳም። ዝርዝሩ 800 አሻራ በ32 ባይት፣ ማለትም 25,600 ባይት ነው፤ ከአንድ ፎቶግራፍ ያንሳል። በፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ አንድ መስመር ይፈጃል፤ በገጽ 40 መስመር ብናደርግ 20 ገጽ ይሆናል። ይህ መጽሔት በሚባዛበት በዚሁ ማባዣ ሊባዛ ይችላል ማለት ነው። ጓደኛችን አንዱን ቅጂ ለኢታንግ ይዣለሁ ብሏል፤ በዚያ ክረምት ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን ምልክት ለክቷልና መደርደሪያውን ከዚያ በላይ ይመታል።